ምንም ያልጠየቀው አልባሽ

ንጉሡ አዲስ ጫማ አድርገው አደባባይ ሲወጡ እግራቸውን ቆርቁሯቸው አያውቅም። ሰው ሁሉ የጫማ ሰፊው ጥበብ ይመስለው ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ጫማው ከሳጥኑ እንደ ወጣ መጀመሪያ የሚያደርገው አልባሻቸው ነበር፤ እግሩ ከንጉሡ እግር ጋር እኩል ነው። ቆዳው እስኪለሰልስ ድረስ በቤተ መንግሥቱ የኋላ ኮሪደር ሲመላለስ ይውላል። ተረከዙ ይላጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ቁስሉ ደርቆ ሳይጨርስ ሌላ ጫማ ይመጣል። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ታቀርብለትና፣ «ዛሬ ደግሞ የት አገር ደርሰህ መጣህ?» ትለዋለች።

«ኮሪደር» ይላታል፣ እግሩን እየነከረ።

ሙያው ልብስ ሰፊነት ነበር። ከአባቱ ነው የተማረው። ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲሰፉ ኖሩ። አንድ ቀን የቤተ መንግሥቱ ልብስ ሰፊ ታመመና ለአስቸኳይ ሥራ ሰው ተፈለገ። የአባትየው ዓይን ደክሞ ስለነበር ልጃቸውን ላኩት። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ሲወጣ የመከሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» አሉት።

ንጉሡ ያኔ ገና አዲስ ነበሩ፤ ከወንበራቸው ይልቅ ሕመማቸው ይወራ ነበር። ልጁ ወገባቸውን፣ ደረታቸውን፣ ትከሻቸውን ለካና ሲወጣ የግቢ ሚኒስትሩ በር ላይ ያዙት።

«ወገባቸው ስንት ሆነ? ቀንሰዋል፣ አይደል?»

«ጌታዬ፣ እኔ የለካሁት ጨርቁን ነው።»

«እሺ፣ ጨርቁስ ስንት ሆነ?»

«ይበቃል፣ ጌታዬ።»

ሚኒስትሩ ፊታቸውን አጨፈገጉ። በሩ ግን ገርበብ ብሎ ነበርና ከውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ንጉሡ ከታመሙ ወዲህ ያልተሰማ ሳቅ። ልጁ ወደ አባቱ ሱቅ አልተመለሰም። በዚያው አልባሽ ሆኖ ቀረ።

በግቢው ውስጥ «ቁልፉ» የሚል ስም ወጣለት። ንጉሡን የሚቆልፍላቸው እሱ ነው፤ ሸሚዛቸውን፣ ኮታቸውን፣ እስከ አንገታቸው ድረስ። አፉም እንዲሁ የተቆለፈ ነው። ሚስቱ ይህን ስም በሰማች ጊዜ፣ «ቁልፍ ነው ይሉታል እንጂ እኔ ሲከፍት አይቼው አላውቅም» አለች፤ ጎረቤቶቿም ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። ያኔ ትስቅ ነበር።

ሥራው ጎህ ሲቀድ ይጀምራል። ናፍታሊን የሚሸት የልብስ ክፍል አለ፤ ከዳር እስከ ዳር ቁምሳጥን ነው። የዕለቱን ልብስ ያወጣል፣ በካውያ አንድ ጊዜ ያልፍበታል፣ እንዳይቀዘቅዛቸው ሸሚዙን ከእሳት ራቅ አድርጎ ያሞቀዋል። ንጉሡ ከፈረስ ወድቀው የግራ ትከሻቸው አይነሳም፤ ስለዚህ ኮቱን የሚጀምረው ከግራ እጅጌ ነው። ለበዓል የሚለበሰው በወርቅ ክር የተጠለፈ ልብስ እንደ ጆንያ ይከብዳል፤ እሱን አንስቶ ትከሻቸው ላይ እስኪያሳርፍ ወገቡ ይንቀጠቀጣል። ንጉሡ ቀኑን ሙሉ ተሸክመውት ሲውሉ እሱ ከኋላቸው ቆሞ ይውላል። መቀመጥ የሚባል ነገር የለም። ከብዙ ዓመት በኋላ በገዛ ልጁ ሠርግ ላይ እንኳ ወንበር ሲሰጡት እሺ ብሎ ይቀመጥና ትንሽ ቆይቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ይገኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያደክመው ግን መስማቱ ነው። ንጉሡ ጠዋት ጠዋት ሲለብሱ ያወራሉ። ከልጃቸው ጋር ስለመኳረፋቸው፣ ስለማያምኑት ጄኔራል፣ ዛሬ ስለሚሽሩት ሰው። አልባሹ አዎ አይልም፣ አይ አይልም፤ ይቆልፋል። ከዚያ ኮሪደር ላይ ያ የሚሻረው ሰው ራሱ እየሳቀ ይመጣና፣ «እንዴት አደርክ፣ ቁልፉ» ይለዋል። እሱ ከሌላው ቀን ይልቅ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳል። የሰው ነገር ሆድ ውስጥ ሲያድር ይከብዳል፤ ቤቱ ሲደርስ ከልጁ ጋር እንኳ የሚያወራው ነገር ያጣል።

ሰፈሩ መጀመሪያ ላይ ደጁን ያጣብበው ነበር። አንዱ ልጁን ሥራ እንዲያስገባለት፣ አንዷ የተወሰደባትን ቤት እንዲያስመልስላት፣ ሌላው ለሰላምታ መጥቶ ሲወጣ በር ላይ ጆሮው ሥር ጠጋ እያለ። ለሁሉም መልሱ አንድ ነው። «እኔ እዚያ የማውቀው እጅጌና ኮሌታ ነው።» ቀስ በቀስ ሰዉ ቀረ። አንዳንዱ ሰላምታም አብሮ አስቀረ። ሚስቱ በዚህ አልተከፋችም፤ ቤቷ ጸጥ ማለቱን ወደደችው።

ከደጁ ያልቀረ አንድ ሰው ነበር፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። በባቡር ጥገና ጋራዥ መካኒክ ሆኖ ይሠራል። እሑድ እሑድ ግራሶ ከጥፍሩ ሥር ሳይለቅ ይመጣል፤ የላላ ማጠፊያ ያጠብቃል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይዘጋል፣ በልቶ እስኪጠግብ ይቀልዳል። አልባሹን «ጋሼ» ነው የሚለው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ንጉሡ ሲያዛጉ አፋቸውን የሚይዝላቸው ማን ነው?»

«ብላ ዝም ብለህ።»

«አይ፣ የሚስጥር ነው መሰለኝ፤ ይቅር።»

አልባሹን የሚያስቀው በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነበር። ሲስቅ ድምፅ አያወጣም፤ ትከሻው ብቻ ይርገፈገፋል። ሚስቱ ያን ስታይ ለወንድሟ ሁለተኛ ሳህን ትሞላለታለች።

አንድ ክረምት ላይ ጋራዡ ውስጥ የባቡሩን ሞተር ያነሳው ማንሻ ተሰብሮ አንድ ሠራተኛ ሥሩ ቀረ። ማንሻው መሰንጠቁን ሠራተኞቹ ደጋግመው ተናግረው ነበር፤ የሰማቸው አልነበረም። ከቀብር መልስ ማንም ወደ ሥራው አልገባም። ስለ ሁሉም ሆኖ የሚናገር ሰው ሲፈለግ መካኒኩ ወጣ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ባቡር ግን ይቆማል» አላቸው። ባቡሩም ቆመ። የቆመው ደግሞ የጎረቤት አገር እንግዶች በባቡር ሊመጡ በታሰበበት ሳምንት ነው። ንጉሡ በእንግዶቹ ፊት አፈሩ፤ ፖሊስ ጋራዡን ከበበ። መካኒኩ «አድማ መሪ» ተብሎ ተፈረደበትና ድንጋይ እየፈለጠ እንዲታሰር ሩቅ ወዳለ የድንጋይ ካባ እስር ቤት ተላከ።

ሚስትየው ፍርዱን ሰምታ ስትመለስ አላለቀሰችም። ባሏ እስኪገባ ጠበቀችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ስላንተ ሥራ አንድ ቀን ጠይቄህ አውቃለሁ?»

«አታውቂም።»

«ዛሬ እጠይቅሃለሁ። አንዲት ቃል ብቻ ንገርልኝ።»

«ፍርድ ቤት የፈረደውን እኔ …»

«ፍርድ ቤቱን ተወው። በየቀኑ እግራቸው ሥር ተንበርክከህ ካልሲ ታደርግላቸዋለህ። ተንበርክከህ እንዳለህ ተናገር። ጉልበትህ እንደሆነ መሬት ነክቷል፤ የቀረው አፍህ ነው።»

ጫማውን አውልቆ ጥግ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ነገ እናገራለሁ» አላት። እሷም አመነችው፤ ዋሽቷት አያውቅማ። ጠዋት ሲወጣ እስከ አጥሩ በር ድረስ ሸኘችው።

መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሲያጠና ሄደ። ረጅሙን ንግግር ጣለው፤ አጭሩንም አሳጠረው። «የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ምሕረትዎን» የሚለው ብቻ ቀረ። ሸሚዙን ሲያሞቅም በልቡ ደገመው።

ንጉሡ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ወለሉን ያዩ ነበር። እንቅልፍ እንዳልነካቸው ያስታውቃሉ። ተንበረከከ፤ የቀኙን ካልሲ አደረገላቸው፤ የግራውን ይዞ ቀና አለ።

«ግርማዊነትዎ …»

«ቆይ» አሉት። ድምፃቸው የሰለቸው ሰው ድምፅ ነበር። «ትናንት ወንድሜ መጥቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ ብዬ ደስ አለኝ፤ ልቤ ሞላ። ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። ርስት ፈልጎ።» በራሳቸው ቃል ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ወዲያው ጠፋ። «በዚህ በር የሚገባው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ነው የሚገባው። ዓይኑን ሳየው ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ምንም ያልለመንከኝ አንተ ብቻ ነህ። አንተ ባትኖር ሰው ሁሉ ለማኝ ነው ብዬ እሞት ነበር።»

እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ። ነክተውት አያውቁም ነበር። ዓይናቸው እርጥብ ነው።

«ምን ልትል ነበር?»

አልባሹ ካልሲውን እንደያዘ ቀረ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። እነዚያን ዓይኖች አየና ቃሉን ዋጠው።

«ኮቱን ነው፣ ግርማዊነትዎ። ጥቁሩን ነው ወይስ ግራጫውን?»

«ግራጫውን።»

ሚስቱ አጥሩ በር ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችው።

«ምን አሉ?»

«አልተናገርኩም።»

«ጊዜ አጥተህ?»

«ጊዜስ ነበረኝ።»

«ታዲያ ለምን?»

ሊያስረዳት ፈለገ። ግን የንጉሡ እንባ የእልፍኝ ነገር ነው፤ አይወጣም። ደግሞስ ምን ብሎ ይናገራል? ወንድምሽን በምስጋና ለወጥኩት ይበላት? ዞር ብሎ የአጥሩን በር ዘጋ። እሷ ለአፍታ አየችውና ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግቡ ይቀርባል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ ቤቱ ይጸዳል፤ ጨዋታ ግን የለም። በአንድ ጣሪያ ሥር የቅርብ ሩቅ ሆኑ።

እሷ በአውቶቡስ ተንገላታ ወንድሟን ትጠይቃለች። እሱ አንድም ቀን አልሄደም፤ የቤተ መንግሥት ሰው እስር ቤት በር ላይ ከታየ ወሬው ቀድሞት እልፍኝ ይደርሳል ብሎ ሰጋ። በዚያ ፈንታ ያረጀውን የአባቱን የስፌት መኪና አውጥቶ ዘይት ቀባውና ኮት ሰፋለት። ድርብ ሱፍ፣ ውስጡ ወፍራም ገበር፣ ኮሌታው ጆሮ ድረስ የሚቆም። ለንጉሡም እንደዚያ ተጨንቆ ሰፍቶ አያውቅም። ሚስቱ አጥፋ ይዛለት ሄደች።

መካኒኩ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። ካባው ውስጥ የዋጠው የድንጋይ ብናኝ ግን ሳንባው ውስጥ ቀረ። ከበሩ እስከ ወንበሩ ለመድረስ መሃል ላይ ቆሞ ያርፋል። ጋራዡ ስላልተቀበለው እህቱ ጓዳውን ለቀቀችለት። አልባሹ የዚያን ዕለት ከሥራ ሲገባ መካኒኩ ያንኑ ኮት ለብሶ ተቀምጦ አገኘው።

«ጋሼ፣ ደህና ዋልክ?»

«ደህና። ኮቱ … ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር። በኋላ እኔ አነስኩበት እንጂ።»

አልባሹ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። መካኒኩ ሳል ያዘው፤ ጨረሰና ቀና አለ።

«ትልቅ ሰው ነህ ጋሼ፤ ግን ሁለታችንንም ሳትጠይቅ ቀረህ። ንጉሡንም፣ እኔንም።»

«እውነት ነው።»

«እትዬ ተቆጥታብሃለች። እኔ አልተቆጣሁም። ቁጣ ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ ደክሞኛል። ቁጭ በል ይልቅ።»

ቁጭ አለ። ሁለቱም ደክሟቸው ስለነበር ብዙ አላወሩም።

ዓመታት አለፉ። ንጉሡ አረጁ፤ መልበስም ቀረ። አልባሹ የሌሊት ልብሳቸውን መቀየርና ትራሳቸውን ማስተካከል ብቻ ሆነ ሥራው። ጎብኚው እየሳሳ ሄደ፤ የሚሰጥ እጅ ሲደክም የሚዘረጋውም እጅ ይቀንሳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መስኮቱን አልፋ ምንጣፉ ላይ ተኝታ ሳለ ንጉሡ፣ «ያኔ ልትለኝ የነበረው ስለ ኮቱ አልነበረም» አሉት።

የትኛውን ቀን እንደሆነ ለመጠየቅ አላስፈለገውም።

«አልነበረም፣ ግርማዊነትዎ።»

«ምን ነበር?»

ነገራቸው። ጋራዡን፣ ማንሻውን፣ የሚስቱን ወንድም። ሳያለሰልስም ሳያከርርም፣ ተራ ነገር እንደሚያወራ ሰው። ንጉሡ ጣሪያውን እያዩ ሰሙት።

«አስታውሳለሁ፤ ባቡሩ የቆመ ጊዜ። ሰውዬው ሞተ?»

«አለ። ሳንባው ግን የለም።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ምንም ስላልለመንኩዎ አመሰገኑኝ።»

ንጉሡ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ የወሰዳቸው ሲመስለው፣ «እሺ እልህ ነበር ብል ይሻልሃል ወይስ እምቢ?» አሉት።

አልባሹ አሰበበት። «እሺ ካሉኝ ያንገበግበኛል። እምቢ ካሉኝ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ማንን ሳለብስ ኖርኩ እላለሁ። ባይነግሩኝ ይሻላል።»

አልነገሩትም። በዚያው ወር ሞቱ። አልባሹ ከግራ እጅጌ ጀምሮ አለበሳቸው፤ ትከሻቸው አሁን አያማቸውም፣ ግን እጁ ሌላ መንገድ አያውቅም።

አዲሱ ንጉሥ የራሳቸውን ሰዎች ይዘው መጡ። የግቢው ኃላፊ አልባሹን በአክብሮት አስጠርተው፣ «ደክመዋል፤ ይረፉ» አሉት። አልተከራከረም፤ መድከሙ እውነት ነው። ቀትር ላይ ወጣ። የገዛ ሰፈሩን በቀትር አይቶት ስለማያውቅ ቤቱ ጋ ሲደርስ ትንሽ ግራ ገባው፤ በየደጁ ልብስ ተሰጥቷል፣ አንድ ቦታ ሬዲዮ ይሰማል፣ የማያውቃቸው ሴቶች በስሙ ሰላም ይሉታል። ሚስቱ ግቢ ውስጥ አንሶላ ትጨምቃለች። አንደኛውን ጫፍ ያዘላት፤ አብረው ጠመዘዙት።

እልፍኙ ሌላ ሰው ገብቶበታል፤ ባለ እንባውም ሞተዋል። አንሶላውን እንደያዘ፣ ያኔ ጠዋት ንጉሡ ያሉትን ሁሉ ነገራት።

እሷ አንሶላውን ሰቅላ ጨረሰች።

«እኔ ፈርተህ ነበር የመሰለኝ» አለች።

«ፈርቼ ቢሆን ይሻል ነበር?»

«ይቀል ነበር። ፈሪ ባል ያላት ሴት ብዙ ናት፤ ለንጉሥ አዝኖ የሚስቱን ወንድም የሚረሳ ባል ያላት እኔ ብቻ ነኝ።» እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ያኔውኑ ብትነግረኝ ስድብህን ጠጥተህ፣ እኔም ለቅሶዬን ጨርሼ፣ እንደ ሰው እንኖር ነበር።»

«አዎ።»

«ግባ፣ ፀሐይ ነው።»

ይቅር አልኩህ አላለችም፤ እሱም አልጠየቃትም። ግን የዚያን ቀን ምሳ ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ በሉ።

ብዙ ሳይቆይ የመካኒኩ ትንፋሽ ባሰበት። ከተማው ዳር አንድ የሳንባ ሆስፒታል አለ፤ አልጋ ግን አይገኝም ይባላል። አልባሹ ጠዋት ተነስቶ ጫማውን አደረገ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ልጠይቅ።»

ዘበኛው በር ላይ አስቆመው። «አባባ፣ መጠየቂያ ሰዓት ከሰዓት ነው።»

«ሰው አይደለም የምጠይቀው፤ አልጋ ነው።»

ዘበኛው ሳቀና አሳለፈው። መለመን አያውቅበትም ነበር። ለመዝጋቢዋ በቤተ መንግሥት አነጋገር ረጅም ነገር ጀመረ፤ ሳይጨርስ «የለም» አለችው። ሄደ፤ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። የክፍሉን ኃላፊ ጠየቀ፣ ነርሷን ጠየቀ፣ ሐኪሙን ከመኪናው ሲወርድ ጠየቀ። ፊት ነሱት፣ ተቆጡት፣ አንዴም አሳዘናቸውና ሻይ ሰጡት። በሄደ ቁጥር ንግግሩ እያጠረ መጣ፤ በመጨረሻ፣ «ሰውዬው ይሞትብኛል፤ እባካችሁ» ብቻ ቀረው። ሐኪሙ አንድ ቀን መሄጃ አጥቶ ይሁን ሰልችቶት፣ «ነገ ያምጡት» አለው።

መካኒኩ ሙሉ በሙሉ አይድንም ተብሏል፤ ግን አሁን ተኝቶ ማደር ችሏል፣ ሁለት ቀልድ ሳያስል ይጨርሳል። ባልና ሚስቱ በየሳምንቱ ይሄዳሉ። ሰዓቱ እስኪደርስ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንዳንዴ እሷ እንቅልፍ ያሸልባትና ትከሻው ላይ ዘንበል ትላለች፤ እሱም ቢደክመው እንኳ አይነቃነቅም። ደወሉ ሲደወል ቀስ ብሎ ይቀሰቅሳትና ተያይዘው ደረጃውን ይወጣሉ።